የጀልባዎቹ ዳስ

በሕይወቴ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ተናግሬ ያሸነፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ንግግሬ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ በዚያው ክረምት ግን የእድራችን ወንዶች ምሰሶና ቆርቆሮ ተሸክመው መጥተው ለጀልባ ማኅበራችን ኩሬው ዳር ዳስ ሠሩልን። ያሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ለመንደሩ ልጆች ሁሉ አወጅሁ። ወንዴ ብቻ አላመነኝም። ወንዴ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ቢሉት «ነገ ወጥቼ ልየው» የሚል ልጅ ስለነበር ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ኩሬው ከጎንደር ዳር ካለችው ከወለቃ በታች፣ ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ በስተግራ ነው። ድሮ ሸክላ ሠሪዎቹ ቤተ እስራኤሎች አፈር ሲያወጡበት የኖሩት ጉድጓድ ነበር ይባላል። እነሱ እስራኤል ሲገቡ የሚቆፍረው ጠፋ፤ ዝናብ ሞላው፤ ዳር ዳሩን ቄጠማ በቀለበት። ከወዲህ ዳር ድንጋይ ወርውሮ ወዲያ ዳር ያሳረፈ ልጅ እኛ ዘንድ ጎበዝ ይባል ነበር።

ማኅበሩን ያቋቋሙት አያ ማለደ ናቸው። ጎርጎራ ወደብ ላይ የጣና ጀልባዎችን ሞተር ሲጠግኑ አርጅተው፣ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ዘንድ ጎንደር ገቡ። ውሃ የለመደ ሰው ደረቅ ላይ ሲቀመጥ ይነጫነጫል። እሳቸውም አንድ ዓመት ሙሉ በምራታቸው ሲነጫነጩ ከረሙና ኩሬውን ባዩ ጊዜ እኛን ሰብስበው በእኛ ይነጫነጩ ጀመር። የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ጀልባ ማውጣት፣ ቀዳዳ በሬንጅ መድፈን፣ መሪ ማበጀት አስተማሩን። ከሁሉ የምትበልጠው የሻማዋ ጀልባ ነበረች። ቀጭን የመዳብ ቱቦ ተጠምዝዞ ሆዷ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ጫፎቹ በኋላዋ ወጥተው ውሃ ይነካሉ፤ ከቱቦው ሥር ሻማ ሲለኮስ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና ጀልባዋን ወደ ፊት ይገፋታል። ስትሄድ ጡጥ ጡጥ ጡጥ ትላለች። አዝጋሚ ናት፤ ግን ማንም ሳይነካት ትሄዳለች።

ችግራችን ዝናብ ነበር። ኩሬው የሚሞላው በክረምት፣ ሻማው የሚጠፋውም በክረምት። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ጀልባችንን ጉያችን ከተን ባሕር ዛፍ ሥር እንሮጣለን፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ማንንም አስጠልሎ አያውቅም። ቤታችን በስብሰን እንገባለን፤ እናቶቻችን ይገርፉናል፤ አያ ማለደም በማግስቱ «የናንተ እናቶች ጣናን ቢያዩት ምን ሊሉ ነው!» እያሉ ይቆጣሉ።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ እድሩ በዳኛው በአያ ህሩይ ግቢ ሲሰበሰብ አያ ማለደ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። «ሴት ልጅ ስትለምን እንቢ አይሉም፤ ቀጥ ብለሽ ተናገሪ» አሉኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አባቶቼ፣ እኛ መጠለያ የለንም። ዝናብ ሻማችንን ያጠፋብናል። ኩሬው ዳር ዳስ ሥሩልን።»

ሳቁ። አባቴም እዚያው ነበር፤ ማንያዘዋል ይባላል፤ ከጎንደር ሑመራ በኤንትሬ የጭነት ማኪና የሚመላለስ ሹፌር ነው። አያ ህሩይ ወደ እሱ ዞረው፣ «ምነው ማንያዘዋል፣ የሹፌር ልጅ ጀልባ ወደደች? ማኪናህን ንቃ ነው?» አሉት።

አባቴ አፉን ሳይከፍት አያ ማለደ ቀደሙት። «ምን ታድርግ! ውሃ ገደል የለውማ!»

ያን ጊዜ ግቢው በሳቅ ተናጋ። አባቴ የሚወጣ የሚወርድበትን የሊማሊሞን ገደል የማያውቅ እዚያ መሐል አልነበረም። ከሁሉም በላይ የሳቀው አባቴ ነበር፤ እንባውን በጋቢው ጫፍ እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። አያ ህሩይም «እናስብበታለን» አሉኝ። ትልቅ ሰው እናስብበታለን ሲል እንቢ ማለቱ እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። አሸንፌ የተመለስኩ መሰለኝ።

በማግስቱ አባቴ ሊሄድ ሲል ከማኪናው የተረፈች የመዳብ ቱቦ ሰጠኝ። «ለማንም እንዳትሰጫት፤ በተለይ ለወንዴ» አለኝ። እናቴ ወሯ ገብቶ ነበርና በሯ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ወደ ሆዷ ጎንበስ ብሎ «አንተ ደግሞ እስክመለስ ጠብቀኝ» ሲል፣ «የማን ልጅ ሆኖ ነው የሚጠብቅ!» ብላ ገፋ አደረገችው። ማኪናውን አስነሥቶ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋልኝ። እኔ ግን ቱቦዋን እያገላበጥኩ ስለነበር ቀና ብዬ አላየሁትም። ቀና ባልኩ ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወንድሜ ማሩ በዚያው ሳምንት ተወለደ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልጅነቴ እንዲህ ነበር የተረዳው፦ ወንድም ማግኘት ትልቅ ክብር ነው። መንደሩ በሙሉ ድንገት ይወደኝ ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ አበቡ ድሮ አጥሯን ስዘል በድንጋይ የምታባርረኝ ሴት፣ በር ላይ ጠብቃ ዳቦ ታጎርሰኛለች። ባለሱቁ ከረሜላ በነጻ ይሰጠኛል። አያ ማለደ መቆጣት ተዉ፤ ሬንጁን መሬት ላይ ብደፋው እንኳ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሉኛል። ይህን ባውቅ ኖሮ እናቴ ቀደም ብላ እንድትወልድ እለምናት ነበር።

አባቴ አልተመለሰም። ካምቢዮው ተሰብሮበት ሑመራ ቆሟል፤ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው ተባለ። ከዚያ መስመር የሚመጡ ጓደኞቹ እየገቡ፣ እናቴ አራስ ከተኛችበት መጋረጃ ወዲህ ቆመው፣ «ማንያዘዋል ሰላም ብሎሻል፤ ልጁን ሳሙልኝ ብሏል» ይሏታል። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ ምን እየበላ እንደሆነ፣ ወባ እንዳልያዘው ትጠይቃለች። አንድ ቀን አንደኛው ሹፌር ይህንኑ ተናግሮ ሲወጣ አጥራችን ላይ ተደግፎ ሲያስመልሰው አየሁ። ሮጬ ገብቼ «እማ፣ ሰውዬው ሰክሯል!» ብዬ አሳበቅሁበት።

አልሰከረም። ዛሬ ሳስበው እዚያ አጥር ላይ የቆመውን ሰው ይቅርታ ብጠይቀው ደስ ይለኛል። አባቴ ማሩ በተወለደ በጥቂት ቀን፣ ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ፣ ከዛሪማ ወደ ሊማሊሞ በሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ በጉም ውስጥ መንገዱን ስቶ ገደል ገብቷል። ከሹፌር ጓደኞቹ አንዱ ገደሉን ወርዶ አስከሬኑን አወጣው። የእድሩ ወንዶች ወሬው በመጣ ዕለት ተሰባስበው ሄደው፣ ተወልዶ ባደገበት ዛሪማ ቀብረውት፣ ገበያ ደርሶ እንደመጣ ሰው ዝም ብለው ተመለሱ።

አራስ መርዶ አይነገራትም። ወተቷ ይነጥፋል፣ ሕመም ይገባባታል ይባላል፤ እንዲህ ያለው ነገር ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ይደበቃል። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሣው። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ ተማምሎ አባቴን ሑመራ አስቀመጠው። ልጅ ምስጢር አይይዝምና ለእኔም ሑመራ ተቀመጠ።

ልጅ ነበርኩ ማለት ግን ደንቆሮ ነበርኩ ማለት አይደለም። ጆሮዬ ሁሉንም ይሰማ ነበር። በሐምሌ አጋማሽ ላይ አያ ማለደ ግቢ፣ ጀልባዎቻችን ከሚቀመጡባት ጎጆ ጀርባ ሆኜ የመዳብ ቱቦዬን ስጠመዝዝ ሽማግሎቹ መጥተው ደጁ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የሰማሁት የአያ ህሩይን ድምፅ ነበር።

«በሯ ላይ ከተከልነውማ ታውቃለች።»

«ሳይተከልስ? ከደባርቅም ከዛሪማም ሰው ይመጣል። በዚህ ዝናብ የት ይቀመጥ? ግቢዋ ደግሞ መዳፍ ታህላለች» አለ ሌላው።

ከዚያ አያ ማለደ ተናገሩ። «ኩሬው ዳር ይሁን። ለልጆቹ ነው እንበል። ሰኔ ላይ ልጂቱ ራሷ ለምናችሁ የለ? ማንም አይጠረጥርም። ካለፈም በኋላ ለልጆቹ ይቅርላቸው።»

«ልጂቱስ?»

«ልጂቱማ ደስ ይላታል» አሉ አያ ማለደ። ከዚያ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ። ጉንፋን ይዟቸው ነበር ብዬ አሰብኩ።

እኔ የተረዳሁት ይህን ነው፦ ዳሱ ሊሠራ ነው፤ እናቴ ሳታውቅ ተሠርቶ ልትደነቅ ነው፤ ከደባርቅና ከዛሪማ ሳይቀር ሰው ሊያየን ይመጣል። ቱቦዬን ጥዬ ወደ ወንዴ በረርኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት በልጅነቴ ካየኋቸው ሁሉ የደስታ ቀናት ነበሩ፤ ይህን መካድ አልችልም። ወንዶቹ የባሕር ዛፍ ምሰሶ በትከሻቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ እኛ ሚስማር በጣሳ ይዘን ከኋላ ከኋላቸው እንሮጣለን። የእርጥብ እንጨት ሽታ፣ የመዶሻው ድምፅ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚንጣጣው ዝናብ። ያ ሁሉ ሰው ለእኛ ሲሠራ አንድም ቀልድ አልተቀለደም። አያ ማለደ አፋቸው ሙሉ ሚስማር ይዘው ይመታሉ፤ ሚስማሩ ሲያልቅባቸው እንኳ አፋቸውን አይከፍቱም። አያ ህሩይ በአጠገቤ ባለፉ ቁጥር እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ይቆያሉ። ንግግሬን እያስታወሱ ነው አልኩ።

የክርስትናው ዋዜማ ዓርብ ነበር። ማታ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ በጉልበቷ መሐል አስገብታ ሹሩባ ትሠራኝ ጀመር። የዳሱን ነገር እስከ ምርቃቱ ልደብቃት አስቤ ነበር፤ አቃተኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቆርቆሮው ስንት እንደሆነ፣ እሑድ ጠዋት ጀልባዬ የመጀመሪያዋ ሆና እንደምትሄድ፣ ወንዴ እንዴት እንደ ቀና።

«ሸጋ ነው» አለችኝ፤ ጣቶቿ ጠጉሬ ውስጥ ይፈጥናሉ። «መቀመጫስ አላችሁ? መሬቱ ጭቃ አይደል?»

«አለን እንጂ! አያ ህሩይ ወንበሮቹን አስመጡልን። ረጃጅሞቹን፣ እግራቸው ቀይ የተቀባውን።»

«የእድሩን?»

«አዎ።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም» አልኩ በኩራት። «አንድም አልቀረም፤ መጋዘኑ ባዶ ሆነ።»

የእናቴ እጅ ቆመ። ማሩ የነቃ መስሎኝ ወደ መደቡ አየሁ፤ ተኝቷል። ከዚያ ጣቶቿ እንደገና ሥራቸውን ጀመሩ፤ አሁን ግን ቀስ ብለው። ያን ማታ ጠጉሬን ከወትሮው አጥብቃ፣ አቅጥና፣ አንዲት እንኳ ሳታሳልፍ ሠራችኝ። አመመኝ ብዬ ስነጫነጭ፣ «ቻይው ልጄ፤ ብዙ ጊዜ ይቆይልሽ» አለችኝ። ሐዘን በገባበት ቤት ዓመት እስኪዞር ጠጉር የሚሠራ እንደሌለ እኔ አላውቅም፤ እሷ ታውቃለች።

ቅዳሜ ማሩ ክርስትና ተነሣ። ድግሱ ትንሽ ነበር፤ ሰው ቶሎ ቶሎ በልቶ ይነሣል። እናቴ ብቻ ትስቃለች፤ ሰውን «ብሉ እንጂ፣ በእናቴ ሞት!» እያለች ታጎርሳለች። እኔ እትዬ አበቡ ቤት ሳህን ልመልስ ስሄድ የአባቴን እህት አክስቴ ዝናሽን በር ጀርባ ተደብቃ አገኘኋት። ከዛሪማ መምጣቷ ነው። ራሷን ሙልጭ አድርጋ ተላጭታለች። ቅማል ይዟት መሆን አለበት ብዬ አዘንኩላት። አቅፋኝ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ጨመቀችኝና፣ «እንዳየሽኝ ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ። እናቴ ሳትጠብቃት በዳሱ ምርቃት ላይ ልታስደስታት ነው ብዬ ይህን ምስጢር እንኳ ጠበቅሁት። የማይረባውን ምስጢር ጠበቅሁት።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሎቹ ከነፍስ አባታችን ጋር ሆነው፣ እናቴ ከመኝታዋ ሳትነሣ ቤት ሊገቡ አስበው ነበር። እናቴ ግን ቀደመቻቸው። ስትቀሰቅሰኝ ለብሳ ጨርሳለች፤ ማሩን አዝላዋለች፤ ነጠላዋ የክርስትናው ነጭ ነጠላ ነው፤ ጥለቱ እንደ ደንቡ ወደ ታች ወርዷል።

«ተነሽ፤ ጀልባሽን ያዥ» አለችኝ።

ደጅ ስንወጣ ሽማግሎቹ በራችን ላይ ደርሰዋል። አያ ህሩይ፣ ቄሱ፣ እትዬ አበቡ፣ ሌሎችም። እናቴን ቆማ ሲያዩ ልብስ ሲሰርቁ እንደተያዙ ሰዎች ክው አሉ። እሷ ግን ፈጠን ብላ ወደ ቄሱ ሄደች፤ መስቀላቸውን ተሳለመችና በጆሯቸው አንድ ነገር አለቻቸው። ቄሱ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ጀልባዬን እንዲባርኩልኝ የለመነቻቸው መሰለኝ፤ እንዲያውም ጀልባዬን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

ያለችውን ከብዙ ዓመት በኋላ አጠገባቸው የነበረችው እትዬ አበቡ ነገረችኝ። «አውቄዋለሁ አባ። የልጄ ጀልባ ትሻገር፤ ከዚያ በኋላ ታለቅሳላችሁ» ነው ያለችው።

እናቴ እጄን ይዛ ከፊት፣ ሽማግሎቹ ከኋላ፣ ወደ ኩሬው ወረድን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ዳሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰው ሞልቷል፤ ያ ሁሉ ረጅም ወንበር አልበቃ ብሎ ምሰሶው ሥር የቆሙም አሉ። የማላውቃቸው ሰዎች፣ በቅሎ ይዘው የመጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። ሁሉም ዝም ብለው እኔን ያያሉ። ሴቶቹ በሙሉ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ለቅሶ ቤት እንዲህ እንደሚለበስ አላውቅም አይደለም፤ አውቃለሁ። ለቅሶ ግን የሰው ቤት የሚገባ ነገር ነው፤ ኩሬ ዳር፣ በራሴ ዳስ ሥር፣ በራሴ ቀን ለቅሶ ሊኖር እንደሚችል አላሰብኩም። ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ በጨለማ ስለ ለበሱ ተሳስተዋል አልኩ። ሳቄም መጣ።

ወንዴ ሳይለመን ክብሪቱን አቀበለኝ። ይህ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር፤ ወንዴ ለማንም ምንም አቀብሎ አያውቅም። አያ ማለደ ውሃው አፍ ላይ ተንበርክከው ሊለኩሱልኝ ሞከሩ። ክብሪቱ ሁለት ጊዜ ጠፋባቸው። ተቀብያቸው እኔው ለኮስኩ። ቱቦዋ ሞቀች፣ ጀልባዋ ትንሽ ተርገፈገፈች፣ ከዚያ ጡጥ ጡጥ ጡጥ ብላ ከዳር ተላቀቀች።

እንዲያ ያለ ጸጥታ ከዚያ ወዲያ ሰምቼ አላውቅም። ከእኔ በቀር ድምፅ ያወጣ ሰው አልነበረም። የሻማዋ ብርሃን ጉሙ ውስጥ እየጠበበች ትሄዳለች። አንድ ሽማግሌ ሳል ይዞት አፉን በጋቢው አፈነ። ኩሬው መሐል ስትደርስ ነፋስ ነካትና ድምፅዋ ተቋረጠ፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲስብ ከኋላዬ ሰማሁ። ጀልባዬን እንዲህ ይወዷታል ማለት ነው አልኩ። እናቴ ከዳሱ ፊት፣ የሌሊቱ ዝናብ ከቆርቆሮው በሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ከሻማዋ አልነቀለችም። ጀልባዋ እንደገና ጡጥ አለች። ቄጠማውን ገፋ አድርጋ ወዲያ ማዶ ጭቃው ላይ አረፈች።

ሁለት እጆቼን ወደ ሰማይ ሰቅዬ ዘለልኩ። በዚያችው ቅጽበት ከጀርባዬ የሰው ድምፅ እንደ ግድብ ውሃ ተለቀቀ።

እልል ያሉልኝ መሰለኝ።

እጆቼን እንደ ሰቀልኩ፣ እየሳቅሁ ወደ እነሱ ዞርኩ። መጀመሪያ ያየሁት አክስቴን ዝናሽን ነው፤ ደረቷን በሁለት እጇ እየመታች ነው። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ጋቢያቸው ወድቋል። እናቴ ማሩን ከጀርባዋ አውርዳ ለእትዬ አበቡ አቀበለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈች፤ እዚያው ጠፈጠፉ ሥር ቆማ፣ ሳትቸኩል፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዞረችና መልሳ ለበሰችው። ከዚያ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

እኔ አሁንም እጆቼ ወደ ላይ ናቸው። ማውረድ እንዳለብኝ አላወቅሁም። ወንዴ መጥቶ ክንዶቼን ይዞ አወረዳቸው። «አባትሽ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም፤ እሱም ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሐዘን እንደማንኛውም ሐዘን ነው፤ አልተርከውም። አያ ህሩይ ቃላቸውን አላጠፉም። ሐዘንተኛው ሲበተን ወንበሮቹን መልሰው፣ ሁለቱን ግን ለእኛ ተዉልን፤ ቆርቆሮውም ምሰሶውም ቀረ። የጀልባ ማኅበራችን ዳስ አገኘ። እኔ ያን ክረምት አልሄድኩም። በሚቀጥለው ክረምት ግን ሄድኩ፤ ልጅ ውሃና ጓደኛ አጥቶ መኖር አይችልም። አያ ማለደ እስኪሞቱ ድረስ መነጫነጫቸውን አልተዉም፤ «ውሃ ገደል የለውም» የምትለዋን ቃል ግን ሁለተኛ ከአፋቸው አልሰማኋትም። አንድ ጊዜ ወንዴ ረስቶ ሊላት ሲል በጥፊ አሉት፤ ከዚያ እሱን አቅፈው አለቀሱ።

ዛሬ ፒያሳ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ወንዴ መምህር ሆኖ ማኅበሩን እሱ ነው የሚያስተዳድረው፤ የዛሬ ልጆች በባትሪ የሚሄድ ጀልባ አላቸው፤ የሻማዋን እንደ ቅርስ ነው የሚያዩአት። ባለፈው ክረምት የዳሱ ቆርቆሮ ዝጎ ማፍሰስ ስለጀመረ አዲስ አለበሱትና፣ ቀድሞ አባል የነበርነውን ለምርቃቱ ጠሩን። እናቴን ትመጫለሽ ወይ አልኳት። እንቢ ትላለች ብዬ ነበር። «ምነው አልመጣ?» አለችኝ፤ በባጃጅ ይዣት ወረድኩ።

ከዳሱ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጆቹ እየተንጫጩ ጀልባ ይለቃሉ። እናቴ አርጅታለች፤ እጇ ቀዝቃዛ ነው፤ በእጄ ይዤዋለሁ። ሃያ ዓመት ያልጠየቅኋትን እዚያ ጠየቅኋት።

«እማ፣ ያን ዕለት ሰውን ሁሉ ምነው አስቆምሽው? አውቀሽው አልነበረም?»

የትኛውን ዕለት አላለችኝም።

«አንች ወንበሮቹን ስትነግሪኝ ነው እኔ ዘንድ የሞተው» አለች። «አንች ዘንድ ግን ገና ነበረ። ሑመራ ተቀምጦ ካምቢዮ ያሠራ ነበር። ጀልባሽ እስክትሻገር እንኳ ይኑርልሽ ብዬ ነው።»

ኩሬው ትንሽ ነው፤ ያቺ ጀልባ ደግሞ እንዴት ያለች አዝጋሚ ነበረች! እናቴ መንደሩን በሙሉ እንባውን አስውጣ አቁማ፣ በዚያች አዝጋሚ ጀልባ ልክ የአባቴን ዕድሜ ታስረዝምልኝ ነበር። እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ውሃው ዳር ቆሜ፣ እያጨበጨብኩ፣ «ቶሎ በይ! ኧረ ቶሎ በይ!» እያልኩ እጮህ ነበር።